ለጀልባ ዕረፍት፦ ባለ ጎማ ሻንጣ ወይስ የሸራ ቦርሳ?

ጁን ሲገባ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። ፍራንክፈርት ያለን ልጆች እያዋጣን ግሪክ ሄደን ለሳምንት የምናድርበት ጀልባ መከራየት ከጀመርን ጥቂት ዓመታት ሆኖናል፤ በየዓመቱም አንድ ሁለት አዲስ ሰው ይቀላቀለናል። አዲስ የሚመጣው ሰው ስለ ባሕሩ አይጠይቅም፣ ዋና አለመቻሉም አያስጨንቀው። «ያ ትልቁ ሻንጣዬ ይሆናል አይደል?» ነው የሚለኝ። አይሆንም። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ሻንጣ ስንገዛ ሁላችንም አዲስ አበባን ነው የምናስበው። 23 ኪሎ ሲባል 22.9 የሚሞላ፣ የአክስት ልጅ ጫማና የጎረቤት መድኃኒት ተጨምሮበት የማይፈነዳ፣ ሲወረወር የማይሰነጠቅ። ለዚያ መንገድ ጠንካራውን ባለ አራት ጎማ ሻንጣ የሚያህል የለም። እኔም የመጀመሪያው ዓመት እሱን ይዤ ሄድኩ። በቅናሽ 119 ዩሮ ነው የገዛሁት፤ ባዶውን አራት ኪሎ ይመዝናል።

መከራው የጀመረው አቴንስ አሊሞስ ወደብ ላይ ነው። ጀልባዎቹ የቆሙበት መተላለፊያ ከጣውላ የተሠራ ነው፤ በየጣውላው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ለሻንጣ ጎማ የተለካ ይመስላል። እየነቀልኩ እየጎተትኩ ጀልባው ጋ ስደርስ፣ መውጫው ስፋቱ ስንዝር ተኩል የማይሞላ ሳንቃ ሆኖ አገኘሁት። የጀልባው ካፒቴን ሻንጣውን አየና «ጎማው ወለሌን እንዳይነካ» አለኝ። ወለሉ ከተጫረ ሁላችን ካስያዝነው ገንዘብ ላይ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ እንደ ሕፃን ታቅፌው ገባሁ።

የምንተኛበት የጀልባው ጓዳ ውስጥ ያለው አልጋ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሰው የሚቆምበት ቦታ በሩ ሥር ያለችው ጥግ ነች። ከአልጋው በታች ዕቃ ማስቀመጫ አለ፣ ግን አፉ ጠባብ ነው፤ የሚታጠፍ ነገር እንጂ ጠንካራ ሳጥን አያስገባም። ሻንጣውን ወለል ላይ ልክፈተው ብትሉ ክዳኑ የሚያርፍበት የለም። ሌሊት እግሬ ሥር አስተኛሁት። ከፖሮስ ደሴት ስንነሣ ነፋሱ በረታ፣ ጀልባው አዘነበለ፣ ሻንጣውም ከአልጋው ወርዶ በሩን በውስጥ በኩል ዘጋው። ሁለት ሰው ገፍቶ ነው የከፈተው።

ይኼ ሁሉ ከኢድራው ጉድ አይበልጥም። ኢድራ መኪና የማይገባባት ደሴት ነች፤ ዕቃ የሚጫነው በበቅሎና በአህያ ነው። ወደቧ ትንሽ ስለሆነች ጀልባዎች በሁለትና በሦስት ረድፍ ተደራርበው ይታሰራሉ፤ ወደ መሬት ለመድረስ የሰው ጀልባ ተሻግራችሁ ነው የምታልፉት። እኔ ሥራ ጠርቶኝ ከሌሎቹ ሁለት ቀን ቀድሜ በፈጣን መርከብ ወደ አቴንስ ወደብ፣ ወደ ፒሬያስ መመለስ ነበረብኝ። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው እንደተኛ፣ ያን ጥቁር ሻንጣ ተሸክሜ በሁለት የማላውቃቸው ቤተሰቦች ጀልባ ላይ በባዶ እግሬ እየዳሁ አለፍኩ። አንዲት ሴትዮ በመስኮት አየችኝ። ሌባ ነው ብላ እንዳልጮኸች እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ቤት ስመለስ ሁለቱ ጎማዎች አልዞር አሉ፤ ጨው ገብቶ ውስጣቸውን በልቶታል። ጠጋኙ «ጎማው ብቻውን አይሸጥም» ብሎ ከሌላ ሻንጣ የመጣ ጥንድ በ38 ዩሮ ገጠመልኝ። አሁን እንደ ሰካራም ወደ ግራ ይሄዳል። 119 እና 38፣ 157 ዩሮ።

በሁለተኛው ዓመት ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ለጀልባ የሚመከረው ከጭነት መኪና ሸራ ዓይነት፣ ላስቲክነት ካለው ጨርቅ የተሠራ፣ ጎማ የሌለው ቦርሳ ነው። ሱቅ ውስጥ ያየሁት 74 ዩሮ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ቁርጥ እሱን የመሰለ፣ የታዋቂ ብራንድ ስም የተጻፈበት በ28 ዩሮ አገኘሁ። ፎርጅድ መሆኑ አልጠፋኝም፤ «ቦርሳ ቦርሳ ነው» ብዬ ነው።

አይደለም። የመጀመሪያው ምልክት ሽታው ነው። ሲከፈት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ቤት ውስጥ መስኮት ትከፍታላችሁ፤ በተዘጋ የጀልባ ጓዳ ውስጥ፣ ባሕሩ እያናወጠ፣ ያ ሽታ አንጀት ይገለብጣል። አብሮኝ የተኛው ልጅ ያስመለሰው ከማዕበሉ ይልቅ ከቦርሳዬ እንደሆነ ዛሬም ይምላል። ሁለተኛው ስፌቱ ነው። ደህናው ቦርሳ መጋጠሚያው በሙቀት የተጣበቀ ነው፤ የእኔው በክር የተሰፋ ስለነበር በየመርፌው ቀዳዳ ውኃ አስገባ። ሦስተኛው ዚፑ። የጃፓኑ ዚፕ አምራች ስም፣ «ዋይኬኬ» (YKK) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዚፕ ፈልጉ ይባላል፤ የእኔም ተጽፎበት ነበር! በአራተኛው ቀን መጎተቻው ዝጎ እጄ ላይ ቀረ።

ፍራንክፈርት ዚፕ ለማስቀየር 40 ዩሮ ተጠየቅሁ፣ ለ28 ዩሮ ቦርሳ። ገና ላይ አገር ቤት ይዤው ሄጄ መርካቶ አንድ ቦርሳ ሰፊ በ250 ብር ከመኪና ሸራ ላይ የወጣ የሚመስል ወፍራም ዚፕ ሰፋበት። ዚፑ እስከ ዛሬ ደህና ነው፤ የተበላሸው ቦርሳው ነው። በጋውን ጣሪያ ሥር አስቀምጬው ሳወጣው በውስጥ የተቀባው ላስቲክ እንደ ድንች ልጣጭ እየተላጠ ልብሴ ላይ ተጣበቀ።

በሦስተኛው ዓመት 74ቱን ዩሮ አውጥቼ ኦሪጅናሉን ገዛሁ። ሦስት ጉዞ ሄዶልኛል፤ ለአንድ ጉዞ 25 ዩሮ እንኳ አልሞላ፣ ገናም ያገለግላል። ባዶውን 1.3 ኪሎ ነው። ዕቃዬን ካወጣሁ በኋላ ጠቅልዬ ከፍራሹ ሥር እከተዋለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ እረሳዋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡትና መጋጠሚያውን በጣት ዳስሱ፤ ክር ካገኛችሁ መልሱት። አሽትቱት፣ ሻጩ ቢስቅም። የዚፑ ጥርስ ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት ጨው አይችልም። ከጉዞ ስትመለሱ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ዚፑን ጧፍ እሹት፤ ሰሙ ያለሰልሰዋል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት ዋጋ አይቼ ነው ወደ ጧፍ የተመለስኩት።

እንከን የለውም አልልም። ጎማ ስለሌለው ከኤርፖርት እስከ ወደብ ትከሻ ይቆርጣል። የፈለጋችሁት ካልሲ ሁልጊዜ ከታች ነው፤ ልብሱን በየፌስታሉ ከፋፍሉት። አየር ስለማያስገባም እርጥብ ፎጣ ከከተታችሁበት በማግስቱ ይሻግታል።

የእኔ 60 ሊትር ነው፤ ዛሬ ብገዛ 40 ሊትሩን ነበር። በሉፍታንዛ ወደ ውስጥ የሚገባው ሻንጣ ልክ 55 በ40 በ23 ሳንቲሜትር፣ 8 ኪሎ ነው፤ ለስላሳው 40 ሊትር ካልተጨናነቀ እዚያ ልክ ውስጥ ይገባል። እኔ ባለፈው ዓመት የእኔን ለማስጫን በደርሶ መልስ 70 ዩሮ ከፍያለሁ። የቦርሳው ዋጋ ማለት ነው እኮ! ለሳምንት ደግሞ ሁለት ቁምጣ፣ አራት ቲሸርት፣ አንድ የንፋስ ጃኬትና ወለል የማያጠቁር ነጭ ሶል ያለው ጫማ ይበቃል። ጫማውንም ጀልባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ታወልቁታላችሁ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሄደው» ለሚል፣ የሚታጠፈው የናይሎን ቦርሳ በ19 ዩሮ አለ። ውስጡ ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል አንጥፉበት፤ ይበቃችኋል። ለስላሳ ሆኖ ከሥሩ ጎማ ያለውን ግን አትግዙ። ሻጮች የሁለቱንም ጥቅም ይዟል ይላሉ፤ የጎማው ብረት ስለማይታጠፍ የያዘው የሁለቱንም ጉዳት ነው። አፉ የሚጠቀለለውን ትንሹን ባለ 10 ሊትር ከረጢት ግን ሁላችሁም ያዙ፣ 11 ዩሮ ነው። ከጀልባው ወደ ባሕር ዳርቻ የምትወስደን ትንሿ የጎማ ጀልባ ሳታረጥብ አታደርስም፤ ስልክና ፓስፖርት እዚያ ውስጥ ይግቡ።

የእኔን ለመዋስ የምትደውሉ አላችሁ። የለም። ባለፈው ዓመት የተዋሰው ልጅ በርበሬ በፌስታል ቋጥሮ ከተተበት፣ ፌስታሉም ተቀደደ። በሙቀት የተጣበቀው መጋጠሚያ አንዲት ፍሬ እንኳ አላስወጣም፤ እኔም እስከ ዛሬ ቲሸርቴን በለበስኩ ቁጥር አስነጥሳለሁ።