የፕላስቲክ ሣር ለጀበና ቡና፦ አንድ ዓመት ተጠቅሜበት

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ከተቀነሱት ሁለቱ አንዱ የዕቃው ጥፋት ነው፣ ሌላው ግን የአዳማ ነፋስ ነውና ሻጩን አልወቅስበትም።

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ አንድ በረንዳ ላይ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። የተመረቅኩት በዕፅዋት ሳይንስ ነው፤ የሥራ ማጣቱን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን። የኔ ችግር አፍንጫዬ ነው። በየዓመቱ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሳስነጥስ፣ ዓይኔን ሳሽ፣ ደንበኛውም "ይማርሽ" ሲለኝ ይውላል። ቡና ቀጂ ስታስነጥስ ደግሞ ስኒውን ሰረቅ አድርጎ የማያይ የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጉዝጓዙን ነው። ጠዋት ጠዋት ሣር የምታመጣልኝ ሴትዮ ሌላ ጊዜ የምትሸጥልኝ ቄጤማ ነው። ቄጤማ የሣር ዘመድ እንጂ ራሱ ሣር አይደለም፣ እኔንም ብዙ አይነካኝም። መስከረም ላይ ግን ሜዳው ሁሉ ለምለም ስለሆነ ያገኘችውን አጭዳ፣ አብቦ ራስ ያወጣውንም ቀላቅላ ታስርልኛለች። አምና አንድ ጠዋት እስሩን ፈትቼ ሳራግፈው በጥቁሩ ጀበናዬ ትከሻ ላይ ስስ ቢጫ ዱቄት አረፈ። በጣቴ ጠረግኩት፣ ጫፉ ገርጣ ያለ እርድ መሰለ። ፖለን ነው፣ የሣሩ አበባ ብናኝ። ስኒ ሳላጥብ ሰባት ጊዜ አስነጠስኩ።

ሰው ግን የሚያማው አደይ አበባን ነው። አደይ ምን አደረገች? ቢጫ የምትለብሰው ነፍሳት ለመጥራት ነው፤ ብናኟም ተጣባቂ ስለሆነ በነሱ ገላ ላይ ይሄዳል እንጂ አየር ላይ ብዙም አይንሳፈፍም። ሣር ማንንም አይጠራም። ዓይን የሚስብ አበባ የለውም፣ ያለውን ሁሉ ለነፋስ ይበትናል። አንዷ ቅንጣት ከ30 እስከ 40 ማይክሮን ገደማ ነች፣ የፀጉርን ውፍረት ግማሽ ብታህል ነው።

እናም 4 ካሬ የፕላስቲክ ሣር ገዛሁ፣ ካሬውን በ1,200 ብር። ሻጩ "ይሄ እኮ ሲረገጥ ምንጣፍ ነው፣ እህቴ" እያለ ባለ 35 ሚሊውን ሊያሸክመኝ ነበር። ባለ 20ውን መረጥኩ፣ ደግ አደረግኩ። በአጭሩም ቢሆን ፈንዲሻው ውስጥ ውስጡን እየገባ በጣት ነው የምለቅመው፤ ረጅሙማ የዶሮ ጎጆ ይሆንብኝ ነበር። ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ ዕጣኑ እስኪያሸንፈው ትንሽ መታገስ ነው።

ኮከቡን ያስቀነሰው ግን እሳት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከሰሉን ሳራግብ አንድ ፍም ዘሎ ወደቀ። እርጥብ ሣር ላይ ቢሆን ትሽ ብሎ ይጠፋ ነበር። ይሄኛው እንደ ማስቲካ ቀለጠና የስኒ አፍ የሚያህል ጥቁር ቀዳዳ ተወልኝ። ከደንበኞቼ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ ጎንበስ ብለው አዩትና "እኔ የማውቀው ሣር ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም፣ ልጄ" አሉኝ። የምትገዙ ካላችሁ ከምድጃው ሥር ቆርቆሮ አንጥፉ።

ወደ አፍንጫዬ ልመለስ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰላም ሆንኩ። ማታ ማታ ይዘንባል፣ ጠዋት አየሩ ታጥቦ ያድራል፣ እኔ ደግሞ ፕላስቲኩ አዳነኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ዝናቡ ሁለት ቀን አቆመ፣ ነፋስ ተነሳ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ዱሮዬ ሆንኩ። በረንዳው ላይ አንድ ዘለላ ሣር የለም!

በዱቤ ደብተሬ ጀርባ መመዝገብ ጀመርኩ፦ ሌሊት ዘንቧል ወይ፣ ነፋስ አለ ወይ፣ ስንቴ አስነጠስኩ። ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ፀጥ ካለ ሁለት ሦስቴ ነው። ካባራ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን፣ ደረቅና ነፋሻ ከሆነ፣ ቆጠራው ራሱ ይሰለቸኛል። ክላስ የተማርኩት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የሣር አበባ የብናኝ ከረጢቱን የሚከፍተው አየሩ ሲደርቅለት ነው። በኔ ደብተር ክፉው ሰዓት ጤዛው ረግፎ ፀሐይ ስትበረታ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ነው፤ ቡና የሚጠጣበት ሰዓት። ስንት ራስ እንደሚያወጣ ደግሞ ቀድሞ የሚወስነው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደህና ከጣሉ ሣሩ ይጠነክራል፣ መስከረም ላይ ብናኙ ይበዛል። ዝናቡ ከገፋ እሱም ይገፋል። ዝናብ ያጠረበት ዓመት ለኔ እፎይታ ነው፣ ከብት ላለው ግን ልቅሶ ስለሆነ ጮክ ብዬ አልመኘውም።

ነፋሱን ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ነፋስ ባይኖር ኖሮ እነዚያን 136 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች እዚህ ማን ይተክላቸው ነበር? የመንገድ ዳሩ ሰርዶ፣ የሜዳው ሣር፣ ሁሉም በዚያ ነፋስ በረንዳዬ ይደርሳል።

ዝናብ ሁሉ ያጥባል ብላችሁም አትዘናጉ። ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ሌላ ነው፤ ብናኙ ውሃ ሲጠጣ ይፈነዳና አፍንጫ የማያስቀረው፣ ሳንባ ድረስ የሚገባ ደቃቅ ይሆናል። ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ ኅዳር 12 ቀን 2009፣ እኛ ኅዳር ሲታጠን ብለን ቆሻሻ በምናጨስበት ዕለት፣ እንዲህ ያለ ማዕበል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ትንፋሽ አሳጥሮ ሆስፒታል ሰደደ፣ 10 ሰዎችም ሞቱ። ታናሽ እህቴ አስም አለባት። መስከረም ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ከበረንዳው አንስቼ ቤት አስገባታለሁ፣ መስኮትም እዘጋለሁ።

ታዲያ ፕላስቲኩ ምን ጠቀመ? ይታጠባል። ብናኙ ቅጠሉ መሃል ስለሚደበቅ በደረቁ ከጠረጋችሁት መልሳችሁ ፊታችሁ ላይ ነው የምትበትኑት። እኔ ማታ ስዘጋ ውሃ እረጭበታለሁ፣ በኦሞ አሽቼ አጥር ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ጠዋት ንጹሕ ነው። በዚያ ላይ ማታ አንድ ሴቲሪዚን፣ የአለርጂ ክኒን፣ ስጨምር ከአምናው በግማሽ ተሻለኝ። በየቀኑ ለሣር የማወጣውም ቀርቷል፤ በዓል ሲደርስ ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን ቡና የሚሸጥ ሁሉ ያውቃል።

ለመስቀል ግን ሾፌሩ ደንበኛዬ በፕላስቲክ ላይ አልጠጣም ብለው አኮረፉ። ሴትዮዋን ራስ የሌለው ቄጤማ ብቻ እንድታመጣልኝ ለመንኳት፣ አንድ እስር ጎዘጎዝኩ፣ አራት ጊዜ ብቻ አስነጠስኩ። በማግስቱ ፕላስቲኩን መልሼ አነጠፍኩ። ረከቦቱንም ቀዳዳው ላይ አቆምኩት፣ አሁን ማንም አያየውም።