አሮጌ ጋቢ በሕፃን ብርድ ልብስ ውስጥ፦ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ተጠቅሜበት

ለልጄ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁለትን ብርድ ልብስ ከጥቅምት ጀምሮ እየተጠቀምንበት ነው። ላዩ ቀለም የበዛበት የጥጥ ጨርቅ ነው፣ ገበሩ አቡጀዲ፣ መሃሉ ደግሞ አሮጌ ጋቢ። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ላዩ ነው። እኔ ግን መጻፍ የፈለግሁት ስለ መሃሉ ነው። በጋውንም ክረምቱንም ካየሁት በኋላ፣ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አሮጌ ጋቢን የሚያህል ሙሌት የለም ባይ ነኝ። ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ማወዳደሪያ አለኝ። ያንኑ የሚያህሉ ሌሎች ሁለት ብርድ ልብሶችም ሰፍቻለሁ። የአንዱ ሙሌት መርካቶ በሜትር የሚሸጠው ነጭ ፋይበር ነው። የሌላው እህቴ ከአሜሪካ በሰው የላከችልኝ፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ 80 በመቶ ጥጥና 20 በመቶ ፖሊስተር ነው። ሦስቱንም እያፈራረቅን ነው የምንጠቀመው።

ፋይበሩ ሲያዩት ያምራል። ደልደል ያለ ነው፣ ይቀላል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ጠዋት ካሰጡት ከሰዓት ይደርቃል፤ በሐምሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልጄ ላዩ ላይ ሲንፈራገጥ ቆይቶ ሳነሳው ጀርባው በላብ ረጥቦ አገኘዋለሁ። ፖሊስተር ላብ አይመጥም። የወተት ሽታም ቶሎ አይለቅለትም። ይባስ ብሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ነጫጭ ጭረቶች በጨርቁ ቀዳዳ እየሾለኩ መውጣት ጀመሩ። ጥቁር ሰማያዊው ቁራጭ ላይ፣ ወደ መስኮት አስጠግታችሁ ስታዩት፣ ልክ ከተላጨ ማግስት እንደሚበቅል ጢም ብቅ ብቅ ብለዋል። አንዱን በጣት ስቡት፤ ይረዝማል እንጂ አይነቀልም። ልጄ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድበት ዕድሜ ላይ ነውና ይሄንን ልለምደው አልቻልኩም።

የእሳትም ነገር አለ። ቡና በከሰል የምናፈላ ሰዎች ነን። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ቢሆን ይነድዳል፤ ሁሉንም ከምድጃ ማራቅ ነው።

አሜሪካ የተሠራው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። ስፌቱ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይራራቅ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ ሲታጠብ በአንድ ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይሰበሰባል፤ ላዩን ትንሽ ሸብሸብ ያደርገዋል፣ ያም ያምርበታል። ግን ሲያልቅ እንደገና ሻንጣ የሚይዝልኝ መንገደኛ መፈለግ አለብኝ።

ወደ ጋቢው ልመለስ። ጋቢ የተሸመነ ነው። ስለዚህ ቢታጠብ፣ ቢታሽ፣ መሃል ላይ አይጓጎልም፤ ወደ አንድ ጥግም አይሸሽም። ባዘቶ የሞላው ፍራሽ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ደግሞም አሮጌ ጋቢ ዓመታት ሙሉ ታጥቧል። መሰብሰብ ያለበትን ያህል ተሰብስቦ ጨርሷል። ክሩም ለስልሷል። አዲስ ጋቢ ከሽሮ ሜዳ ገዝቼ ይህን ሥራ አልሠራም፤ ገንዘቡም ያሳዝናል፣ ጋቢውም ገና አልተገራም። የሚሰበሰበው አቡጀዲው ስለሆነ እሱን ከመቁረጤ በፊት በሙቅ ውኃ አጥቤዋለሁ።

እማዬ ሐሳቤን ስትሰማ፣ «ጋቢ እኮ ለሕፃን ይከብዳል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ እንዳለ ቢገባ ልጁን ይጫነዋል። ስለዚህ ዳርና ዳሩን ተርትሬ ሁለቱን ድርብ ብቻ ወሰድኩ። ጥለቱን ቆርጬ አወጣሁት፤ ይሻክራል፣ ቀለሙም ሊለቅ ይችላል። ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ የተቆረጠው ጠርዝ ወዲያው መተርተር ይጀምራል። ከመስፋታችሁ በፊት ዙሪያውን ዚግዛግ ምቱት ወይም ኦቨርሎክ አስመቱት። ይህቺን እንዳትዘሏት። ከዚያ ሦስቱን ጨርቆች መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየሄድኩ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኳቸው። ስፌቱን በየ10 ሳንቲሜትሩ በቀጥታ መስመር አወረድኩት። እስካሁን አንድም መስመር አልለቀቀም።

አሁን ችግሩ። ጋቢ ውኃ ይጠጣል። ልጁ ሲሸናበት ላዩ ብቻ አይረጥብም፤ እስከ አቡጀዲው ይዘልቃል፣ ስለዚህ ሙሉውን ማጠብ ግድ ነው። ሳፋ ውስጥ ሲርስ ክብደቱ ሌላ ነው። እንደ ፎጣ ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት፤ ስፌቱን ይበጥሰዋል። እኔ ሳፋው ጠርዝ ላይ አጥፌ በመዳፌ እጫነዋለሁ። በበጋ ፀሐይ በአንድ ቀን ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አንዳንዴም እርጥበት እርጥበት ይሸታል። አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ያላት እናት በክረምት በጋቢ ብቻ አትወጣውም፤ ፋይበሩን እስካሁን ያልጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው። በረኪና የሚባል ነገር አላስጠጋውም፤ ክሩን ያሳሳዋል፣ ለልጁም ቆዳ አይሆንም።

ሙሌቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ ልቅ የሆነ ብርድ ልብስ አጠገቡ መኖር የለበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ይህንኑ ይመክራል፤ አፍንጫውን ሊሸፍንበት ይችላል። እኛ የምንጠቀምበት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ከሥሩ ለማንጠፍ፣ ወለል ላይ ሲጫወት፣ ታክሲ ስንጠብቅም እቅፌ ውስጥ እግሩን ለመሸፈን ነው። ሌሊት ሲተኛ ወፈር ያለ ቱታ አለብሰዋለሁ።

ይህ ሁሉ የደጋ ሰው ወሬ ነው። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ላላችሁ ሁለት ድርብ ጋቢ ይበዛል። አንድ ድርብ አድርጉት፤ እሱም ከሞቃችሁ ጋቢውን ትታችሁ አሮጌ ነጠላ አስገቡበት፣ ስፌቱ ያው ነው።