ከነጩ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ተጠንቀቁ ወገን

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ። ሞንታርቦ የምትጠግኑ ልጆች በተለይ እናንተ አንብቡት። መርካቶ ያሉትን እነዛን ጠባብ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ፣ ግድግዳው ሙሉ ትንንሽ መሳቢያ፣ ባለቤቱ ስልክ እያወራ ፊትህን እንኳ ሳያይ የሚሸጥልህ፣ ደረሰኝ ስትለው እንደ ስድብ የሚቆጥረው። ከነሱ አንዱ ነው ጉድ የሰራኝ።

የሰርግ ሞንታርቦ ነበር፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምጽ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ጋ በሲሪየስ፣ ማለትም በተከታታይ፣ የሚገባው ሬዚስተር ተቃጥሎ መጣልኝ። ነጩ፣ ሲሚንቶ የምንለው፣ 10 ዋት 10 ኦም፤ ኦሙ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚገድብ ነው፣ ዋቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል። ሌላ ሱቅ 60 ብር ሲለኝ ይሄኛው 35 አለኝ፣ ሶስት ገዛሁ፣ ሁለቱን ለግራና ቀኝ አንዱን ለመጠባበቂያ። እዛው ቆሜ በመልቲሜትር ኦሙን ለካሁት፣ 10.1። ደግሞ እኮ ቀሎኝ ነበር! አሮጌው ከዚህ ይከብድ ነበር ብዬ አስቤያለሁ፣ ግን ሜትሩ 10 ካለ ምን አገባኝ ብዬ ከፈልኩ። ጅል።

ቅዳሜ ሙሽሮቹ ገብተው ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከግራው ሳጥን ቀጭኑ ድምጽ ጠፋ፣ ባሱ ብቻ ቀረ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ባለ ሞንታርቦው ሰው ፊት ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ማታ ቤት ገብቼ መጠባበቂያውን በፒንሳ ጨፈለቅኩት። ደህናው ቢሆን ውስጡ ፋይበር ግላስ ወይም ሴራሚክ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የኒክሮም ሽቦ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሲሚንቶ ይሞላበታል፣ ሙቀቱን ሽቦው ለሲሚንቶው ሲሚንቶው ለአየሩ ይሰጣል። የኔው እንደ ብስኩት ፈረሰና መሃሉ ላይ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ ሬዚስተር ወጣች፣ ቡኒ ጥቁር ጥቁር ጎልድ፣ የ10 ኦም የቀለም ምልክት፣ ቀለሟን እንኳ አልፋቁትም! ካርቦን ፊልም ናት፣ ያቺ ሴራሚክ ላይ ስስ ካርቦን ተደርጎባት ዙሪያዋን እንደ ብሎን ጥርስ የምትቆረጠው፣ ሬዲዮ ውስጥ የምናውቃት። ግፋ ቢል ግማሽ ዋት። 10 ኦም ላይ 1 አምፔር ሲያልፍ 10 ዋት ሙቀት ነው፣ ይቺ ደግሞ ከ0.22 አምፔር በላይ አትችልም። ጋቢ አልብሰው ነው የሸጡልኝ።

ሰኞ ጠዋት ስባሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።

«ሜትርህ ስንት አለ?»

«10።»

«ስንት ነበር የጠየቅከኝ?»

«10።»

«እና?» አለኝና አጠገቡ ወዳለው ልጅ ዞሮ «ባለሙያ ነኝ ይላል፣ እቃ ሰብሮ ይመጣል» አለው። ልጁ ሳቀ። የተሰበረ አይመለስም ተባልኩ ደግሞ። እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው፣ ምንም! ዝም ብዬ ወረቀቴን ጠቅልዬ ወጣሁ። ሜትር ኦም እንጂ ዋት አይለካም የሚለው መልስ ታክሲ ውስጥ ነው ትዝ ያለኝ። 105 ብሩ አይደለም የከነከነኝ፣ የሶስት ዓመት ደንበኛዬን አጣሁ እኮ።

ለማንኛውም ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና በእጃችሁ መዝኑት፣ ከቻላችሁ አንድ ትርፍ ግዙና እዛው በሩ ላይ ስበሩት።

የቀኙ ሳጥን ውስጥ ያለችው ገና አልተቃጠለችም፣ አሁን ልነቅላት ነው።