ከፔስሜከር ጋር 14 ወር በደብረ ብርሃን ብየዳ ቤት

በደብረ ብርሃን የብረት በርና መስኮት እየበየድሁ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። የልቤ ምት በደቂቃ ወደ 34 ወርዶ ሁለት ጊዜ ራሴን ከሳትሁ በኋላ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ከግራ ትከሻዬ በታች ፔስሜከር የተባለ የልብ ምትን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ከተተከለልኝ 14 ወር ሆነኝ። በመሣሪያው ሥራ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ፣ ያ የራስ ማዞርም አልተመለሰም። ቅሬታዬ ከሆስፒታል ስወጣ ፔስሜከር እንዳለኝ የሚገልጽ ካርድ ብቻ ተሰጥቶኝ፣ በየዕለቱ ከምጠጋቸው የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ዕቃዎች ጋር እንዴት እንደምኖር ያስረዳኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

ፔስሜከር ልብን ዝም ብሎ የሚመታ ዕቃ አይደለም። ወደ ልብ በገባው ሽቦው አማካይነት የልብን ምት ያዳምጣል፣ ልብ ሲዘገይ ብቻ ይቀሰቅሰዋል። ከውጭ የመጣን የኤሌክትሪክ ሁከት የልብ ምት ነው ብሎ ከተሳሳተ ግን፣ ሊቀሰቅስ በሚገባው ሰዓት ዝም ሊል ይችላል። መግነጢስ ሲጠጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማዳመጡን ትቶ በአንድ ወጥ ፍጥነት ይመታል።

ይህን የተረዳሁት በሦስተኛው ወር ነው። በብርዱ ምክንያት ጃኬቴን አላወልቅም፤ ክዳኑ በመግነጢስ የሚዘጋውን ስልኬን በግራ የደረት ኪሴ ይዤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ሲፈጥን ተሰማኝ። የእጄን አንጓ ይዤ ስቆጥር 90 ደረሰ፤ ስልኩን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳኖረው ምቱ ወዲያው ረገበ። በክትትሌ ቀን ሐኪሟ ስልክ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ እንዳለበት ነገረችኝ፤ ይህም ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። አሁን ስልኬ በሱሪ ኪሴ ነው፣ የማናግረውም በቀኝ ጆሮዬ ነው።

ባለቤቴ በጎረቤት ምክር ፈርታ እኔ ቤት እያለሁ እንጀራ መጋገር ትታ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራው ሽቦው ግሎ ስለሆነ በደኅና እስከተያዘ ድረስ አያሰጋም፣ ማይክሮዌቭም እንደዚሁ። የሚያስጠነቅቀው ድስቱን በመግነጢስ ኃይል የሚያሞቀው የኢንዳክሽን ምድጃ ነው፤ ከእሱ 60 ሴንቲ ሜትር እንድርቅ ተነግሮኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው በእጅ የሚያዘውን የብረት መፈተሻ ደረቴ ላይ አቁሞ ሊይዘው ሲል ካርዴን አሳየሁት፤ ቢቆጣም በእጁ ፈትሾ አሳለፈኝ። በቆመው የፍተሻ በር ግን ሳልዘገይ አልፋለሁ።

የከበደኝ ብየዳው ነው። የእኛ ማሽን ወፍራም ብረት ላይ እስከ 200 አምፔር ስለሚሠራ ሐኪሟ አልፈቀደችልኝም፤ ኤሌክትሮድ መያዣውን ለልጄ ሳስረክበው እጄ ባዶ የሆነ መሰለኝ። አሁን እኔ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እነጋገራለሁ፤ እሱ ይበይዳል። ማሽኑና ገመዶቹ ባሉበት ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሮ «አባባ፣ ይህን አይለፉ» አለኝ። ሱቁ በተጠረገ ቁጥር መስመሩ ስለሚጠፋ፣ ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ተንበርክኮ እንደገና ያሰምረዋል።