ቦቢን ላተረፈችልን የእንስሳት ሐኪም

ይህን የምጽፈው ዘግይቼ ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። ግን ሳላመሰግን ብቀር እማዬ ቤት አታስገባኝም።

የበዓሉ ዕለት የዶሮውም የበጉም አጥንት ወደ ውሻችን ወደ ቦቢ ሄደ። 55 ቀን አብሮን ጾሞ የለ፣ ይፈስክ አልን። ጎረቤትም በፌስታል አቀበለን። ሰኞ ጠዋት ቢጫ አረፋ አስመለሰ። "ጠግቦ ነው" ተባለ። ማክሰኞ ግን የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ቂጡን ወደ ላይ ሰቅሎ ይቆም ጀመር። ይነሳል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። እማዬ አይታው "ስቅለት እኮ አልፏል፣ ይኼ ውሻ አሁን ምን ያሰግደዋል?" አለች። ሳቅን። ቪዲዮም ቀረጽኩት። አሁን ሳየው አፍራለሁ።

ከሰዓት ማማጥ ጀመረ። አምጦ አምጦ ጠብ የሚለው ደም የነካካው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ብቻ ነው። ተቅማጥ ነው ብዬ ወደ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሮጥኩ። ምን በላ እንኳን ሳይሉኝ ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን ሸጡልኝ። እግዜር ሲረዳኝ፣ ሳልሰጠው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የዚህችን ዶክተር ስልክ ላከችልኝ።

ቪዲዮውን በቴሌግራም ላኩላት። ወዲያው ደወለች። "እየሰገደ አይደለም፣ ሆዱን እያመመው ነው። ኪኒኑን እንዳትሰጪው፣ መጣሁ።" ዋጋዋንም እዚያው በስልክ ነገረችኝ። በኋላም አንድ ብር አልጨመረችም።

ስትመጣ መርፌ አላወጣችም። መጀመሪያ ጠየቀች። ምን በላ፣ መቼ፣ ስንቴ አስመለሰ፣ ውሃስ ሆዱ ውስጥ ይቆያል ወይ? ከዚያ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። እኔንም አስሞከረችኝ። ጣት ሲነሳ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። የቦቢ ዘገየ። ድዱም ደርቆ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሰውነቱ ውስጥ ፈሳሽ አልቋል ማለት ነው።

ኤክስሬይ ሲነሳ ትልቁ አንጀቱ በአጥንት ስብርባሪ ጢም ብሏል፤ ጠጠር የሞላ ካልሲ ይመስላል። የሚወጣው ፈሳሽ በዚያ ግግር ዳር ዳር እየሾለከ ነው እንጂ ተቅማጥ አልነበረም። ኪኒኑን ብሰጠው ኖሮ ጭራሽ አንጀቱን ማሰሬ ነበር! ግሉኮስ ተተከለለት፣ በማደንዘዣ አስተኝታው ለብ ባለ ውሃና በቅባት ከታች በኩል አጸዳችው። ቢላ አላስፈለገውም።

የበሰለ አጥንት ሲሰበር ስለት እንደሚሆን ያኔ ነው የሰማሁት። የወጡ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ስንት ዓመት ነው ድስት ያስላስነው?

በማግስቱ ልታየው ስትመጣ እማዬ ቡና አፍልታ ያዘቻት። ከሁለተኛው ሲኒ በፊት ያስተማረችን ብዙ ነው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደሙ ከላይ፣ ከጨጓራ አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ትኩስ ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከታች ነው። ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊያስመልስ ሲታገል ምንም ካልወጣው ነገ አይባልም፣ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ያልተከተበ ቡችላ ካስመለሰና የሚከረፋ ደም ያለው ተቅማጥ ከያዘው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው።

ድመታችንንም አልማረቻትም። ጭራዋን ብድግ አድርጋ ሩዝ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች አሳየችን። እማዬ ደነገጠች፦ "ድመትም ኮሶ ይይዛታል እንዴ?" "ይይዛታል እማማ፤ የሷ ግን ከቁንጫ ነው። ስትላስ ቁንጫዋን ትውጣታለች።" ስለዚህ ኪኒን ብቻ አይበቃም፤ ቁንጫው ካልጠፋ ተመልሶ ይመጣል። የምትተኛበትን ብርድ ልብስ ዕለቱን ቀቀልነው። ድመት ሲያማት ትደበቃለች እንጂ አታለቃቅስም። ሁለት ቀን ምግብ ከተወች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ ሊጎዳ ይችላልና ዝም አይባልም። ክር ውጣ ጫፉ በአፏ ወይም ከኋላዋ ቢታይ ደግሞ መጎተት ክልክል ነው፤ አንጀት ይቆርጣል።

አንድ ነገር ላማርር፦ ሥራ ላይ ስትሆን ስልክ አታነሳም። ጽሑፍ ላኩላት፣ ትመልሳለች። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ የቦቢን ሰገራ ፎቶ ስታስልከኝ ነበር። የስልኬን ፎቶዎች ለሰው ማሳየት አልችልም። በሰባተኛው ቀን የላኩላትን አይታ "በጣም ያምራል!" ብላ መለሰችልኝ።

ስሟን እዚህ ያላወጣሁት ስላላስፈቀድኳት ነው። ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ አዲስ አበባ የምትኖሩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልካለሁ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ አጥንት በፌስታል ማቀበሉን ተዉልን፤ ቦቢ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ እየጠበቃችሁ ነው።