ከወሊድ በፊት ለሚደረግ የገጠር እረፍት፦ እውነተኛው የድሮ ጎጆ ወይስ አስመሳዩ?

ልጅ የሚጠብቁ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከመውለዳችን በፊት ገጠር ወጣ ብለን እንረፍ፤ የትኛውን ቤት እንከራይ?» ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ዕድሜ ጠገብ፣ በወጉ የታደሰ የድንጋይ ጎጆ ነው። ሌላው በቅርብ ተሠርቶ አሮጌ እንዲመስል የተደረገ ነው። እኔ ለመጀመሪያው አደላለሁ።

አስመሳዩ ፎቶ ላይ ያምራል። ገብታችሁ ስታንኳኩት ግን የጣሪያው ግንድ ውስጡ ባዶ ነው፤ ድንጋዩም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ንጣፍ። ይሄስ ይሁን፣ በዓይን ብቻ ቢቀር። እኔና ባለቤቴ በተከራየነው አስመሳይ ቤት ከወዲያኛው ክፍል ሰው ሲያስል ይሰማ ነበር። የውሃ ማሞቂያው ገና በመጀመሪያው ሌሊት ተበላሸ። ጠጋኙ ብቅ ያለው ሻንጣችንን መኪና ላይ ስንጭን ነው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ድምፅ አያስገባም፣ ቀን ቀንም ቶሎ አይግልም። ጎኗን ማሳረፍ ላቃታት ነፍሰ ጡር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ብሩ። የአዳር ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። አስመሳዩ በአዳር 80፣ የድሮው 100 ነው እንበል። አስመሳዩ ላይ 60 የጽዳት፣ በየአዳሩ ደግሞ 20 የጃኩዚ (የሙቅ ውሃ ገንዳ) ይጨመራል። ሁለት አዳር 260 መጣ! የድሮው 30 የጽዳት ቢጠይቅ እንኳ 230 ነው። ጃኩዚውን ደግሞ ማን ሊገባበት? የሰውነትን ሙቀት ስለሚጨምር ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር አይመክሩትም። የማትነኩትን ነገር ከፍላችሁ ትመለሳላችሁ።

የጽዳት ክፍያ ብዙ ጊዜ ለአንድም ለአራትም አዳር ያው ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን ትታችሁ በሥራ ቀናት ሦስት አራት አዳር ብትይዙ ሒሳቡ ይቀላል። «ገንዘብ አይመለስም» የሚባለውን ቅናሽ ግን እርሱት። እርግዝና ቀጠሮ አያከብርም። ትንሽ ጨምሮ ቀን መቀየር የሚያስችለው ይሻላል።

የድሮ ቤትም ጣጣ አለው፤ ስለምወደው አልሸፍንለትም። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ይሆናል። ሽንት ቤቱ ምድር ቤት፣ አልጋው ፎቅ ከሆነ ሌሊቱን ስትወጡና ስትወርዱ ታድራላችሁ። የሚላላጥ ቀለም ካያችሁ ቤቱን ተዉት። አሜሪካ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት በተቀባ ቤት ሊኖር ይችላል፣ እርሳስ ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል። የእሳት ምድጃ ካለ የጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገ ጠይቁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ይኑር፤ ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም።

ጊዜውን በተመለከተ ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ይመረጣል። ማቅለሽለሹ ጋብ ይላል፣ ሆዱም ገና አይከብድም። መንገዱ ረጅም ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ ተንቀሳቀሱ። እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ነው።

ቅድመ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት አከራዩ ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ እየሄደ በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ። እምቢ ካለ ወይም መንገዱ በደረጃ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ብቻ አስመሳዩን ያዙ። ያለ ጃኩዚው!