የራሴን ቦታዎች ጂፒኤስ ላይ መጫን ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ

ከደሴ ላሊበላ አይሱዙ እነዳለሁ። አንዳንዴም ባቲ እወርዳለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፦ የመርሳው ጎሚስታ መግቢያው ላይ ነው ወይስ መውጫው ላይ? ጋሸና ላይ ቢመሽብኝ መኪናዬን የት አሳድራለሁ? የጂፒኤስ መሣሪያዬ ይዞት የመጣው ካርታ ከተሞቹንና አስፋልቱን እንጂ እነዚህን አያውቅም። ስለዚህ ራሴ መጨመር ጀመርኩ። ዛሬ 140 ያህል ነጥብ አለኝ።

አሠራሩ አይከብድም። ቦታው ላይ ቆሜ ስልኬ የሚያሳየኝን ቁጥር እመዘግባለሁ። ማታ ኤክሴል ላይ በአራት ዓምድ እጽፈዋለሁ፦ ኬንትሮስ (የምሥራቁ ቁጥር)፣ ኬክሮስ (የሰሜኑ ቁጥር)፣ ስም፣ ማስታወሻ። በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አስቀምጬ መሣሪያው ላይ በኬብል እጭናለሁ። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም።

ጥንቃቄው ቁጥሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ኬክሮስን አስቀደምኩ። ደሴ በግምት 11.13 ሰሜን፣ 39.63 ምሥራቅ ላይ ናት። ቁጥሩ ሲገለበጥ ነጥቦቼ በሙሉ ሰርዲኒያና ጣሊያን መካከል ባሕር ውስጥ ገቡ። እንዲህ ያለው ስህተት ወዲያው ይታያል። ክፉው የማይታየው ነው። 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ማለት 11.08 አይደለም። ደቂቃው ለ60 ተካፍሎ 11.13 ይሆናል። ሳያካፍሉ ከጻፉት ነጥቡ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይሸሻል። አንድ ጓደኛዬ የላከልኝ ማደያ እንዲህ ነበር። ናፍጣዬ ሊያልቅ ሲል ማታ 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ የማሽላ ማሳ ነው። የማሳው ጠባቂ አንድ አባት «አብሽር ልጄ፣ ሲነጋ ጀሪካን ይገኛል» ብለው እሳታቸው ዳር አሳደሩኝ። ከዚያ ወዲህ የተላከልኝን ነጥብ ሁሉ ሳልጭነው በፊት ስልኬ ካርታ ላይ አየዋለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ማስታወሻዋን ነው። ባቲ ላይ «ሰኞ ገበያ፣ መሃል ከተማ አትግባ» ብያለሁ። ጎሚስታዎቹ ላይ ማታ የሚሠራና የማይሠራውን ለይቼአለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሌም ያየሁበትን ቀን አስቀምጣለሁ። ማደያ ይዘጋል፣ ሰው ሱቅ ይቀይራል፤ ቀን የሌለው ነጥብ አያስተማምንም።

ማስጠንቀቂያውም ጥሩ ነው፣ ነጥቡ ጋ ለመድረስ 500 ሜትር ሲቀር ይጮኻል። ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ግን አልተስማማንም። የእኔ መሣሪያ ርቀቱን የሚለካው በአየር፣ በቀጥታ መስመር ነው። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ፣ ታች ላለው ኩርባ ገና ላይ ሳለሁ ይጮኻል። እዚያ ወደ 150 ሜትር ዝቅ አደረግኩት፣ ተሻለ።

ሌላው ችግር ፊደል ነው። የአማርኛ ስም ስጽፍ ባዶ ሳጥን ያሳየኛል። በላቲን ስንጽፍ ደግሞ ውጫሌን ሁላችንም በየራሳችን እንጽፋትና ፍለጋ ላይ አትገኝም። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ አጻጻፍ ተስማምተናል። ፋይሉን በቴሌግራም እንላላካለን። የጂፒኤስ መሣሪያ ለሌለው በጂፒኤክስ (ሌላ የነጥብ ፋይል ዓይነት) አዘጋጅለታለሁ፣ ስልኩ ላይ ኦስምአንድ በሚባለው የካርታ መተግበሪያ ይከፍተዋል።

በወረኢሉ መስመር ገና አንድም ነጥብ የለኝም። የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ቁጥሩን ከነቀኑ ላኩልኝ።